አባዬ ክሊኒክ ይራመዳል፣ ቤት ግን ሸሚዝ መልበስ አቃተው። ምንድነው ነገሩ?

የሰሚት ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አባዬን ከፋሲካ በፊት ስትሮክ መታው። የተጎዳው ቀኝ አንጎሉ ነው፣ የደከመው ደግሞ ግራ ጎኑ። ደም ረግቶ ነው እንጂ ፈሶ አይደለም ብለውናል። ከሆስፒታል ከወጣ ጀምሮ በሳምንት ሦስት ቀን ፊዚዮቴራፒ እናመላልሰዋለን። እዚያ ብታዩት ደስ ይላችኋል። ሁለቱን ብረት ይዞ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ባለሙያውም "ጉልበታቸው ጥሩ ተመልሷል" ይለናል።

ቤት ስንገባ ግን ሌላ ሰው ነው። ሸሚዝ ለመልበስ ዘመን ይፈጅበታል። ግራ እጁን እጅጌው ውስጥ ሳያስገባ ቁልፍ መቆለፍ ይጀምራል። ትሪው ላይ በግራ በኩል ያለውን ወጥ ትቶ "ለምንድነው ሽሮ ብቻ የምትሰጡኝ?" ይላል። ሽንት ቤት ብቻውን አይሄድም። ከምሳ በኋላ ተኝቶ ይውላል። እማዬ "ሰነፈ፣ ለመደበት" ትላለች፣ እሱ ይቆጣል፣ ከዚያ ሁለቱም ይኳረፋሉ።

እግሩና እጁ ከተሻለው ኑሮው ለምን አልተሻለም? ውጪ ያለችው እህቴ ብር ልላክና የፊዚዮቴራፒው ቀን ይጨመር እያለች ነው። ይጨመር ወይስ ሌላ የምናደርገው አለ?

ፊዚዮ ከጎንደር

ጤና ይስጥልኝ እህቴ፣ አባትሽን ይማርልሽ።

እናትሽ እንዲያነቡት ብዬ ነው የምጽፈው። በግራ ያለውን ወጥ መተው፣ ግራ እጅን ከእጅጌ ውጪ መርሳት ስንፍና አይደለም። ቀኝ አንጎል ሲጎዳ ብዙ ሰው ላይ ግራ ወገንን የመዘንጋት ችግር ይመጣል። ዓይን ደህና ሊሆን ይችላል። አንጎል ግን በግራ በኩል ላለው ነገር ትኩረት አይሰጥም። የባሰው ደግሞ ሰውየው ራሱ ችግሩን አያውቀውም፤ ብትጠይቂው "ምንም አልሆንኩም" ነው የሚልሽ። ክሊኒክ ውስጥ ወለሉ ልሙጥ ነው፣ በግራም በቀኝም የሚያዝ ብረት አለ፣ እንደኔ ያለው ደግሞ አጠገባቸው ቆሞ "ግራ እግር! ግራ እግር!" እያለ ይጮኻል። ቤት ይህ ሁሉ የለም።

ሌላው ነገር የመለኪያው ጉዳይ ነው። "ጉልበታቸው ተመልሷል" ስንል የምናወራው ስለ ጡንቻ ነው። ኑሮን የምንለካበት ሌላ መለኪያ አለን። ባርቴል ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 የወጣ ነው፣ እስካሁን እንሠራበታለን። 10 ነገር ይጠይቃል፦ መብላት፣ ገላ መታጠብ፣ ፊትንና ጥርስን መጠበቅ፣ መልበስ፣ ሰገራን መቆጣጠር፣ ሽንትን መቆጣጠር፣ ሽንት ቤት መጠቀም፣ ከአልጋ ወደ ወንበር መሻገር፣ መሄድ፣ ደረጃ መውጣት። ሙሉው 100 ነው። መሄድ ከዚያ ውስጥ 15 ብቻ ይይዛል። እናንተ በየሳምንቱ ታክሲ እየከፈላችሁ የምትሠሩት በአብዛኛው ያንን 15 ነው። ትንሽ አጋንኜው ይሆናል፣ ግን ነገሩ ገብቶሻል።

ለመነሻ ያህል፦ ሲለብሱ የተመታው እጅ አስቀድሞ ይግባ፤ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ። ትሪው በግራ ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይደረግበት፤ "ቀዩን እስክታይ ዞር በል" ይባሉ። ስታወሩ በግራቸው ተቀመጡ። መጀመሪያ ላይ ካልሰሟችሁ ወደ መሐል ቀርባችሁ ቀስ በቀስ ወደ ግራ ሂዱ። የዓይን ምርመራም ይደረግላቸው፤ አንዳንዴ ከመዘንጋቱ ሌላ የእይታው ግማሽ ራሱ ይጠፋል። የእይታው ግማሽ የጠፋበት ሰው ጉድለቱን ካወቀው አንገቱን ማዞር ይለምዳል። የሚዘነጋው ግን አስታዋሽ ይፈልጋል።

ቀኜ ተመትቶ

እኔ ተመቺው ራሴ ነኝ። የጭነት መኪና ሹፌር ነበርኩ። የኔ ቀኝ ጎኔ ነው፣ አፌም ተሳስሮ ነበር፣ አሁን ተፈቷል።

ልጄ፣ ስለ ድካሙ ልንገርሽ። የእንቅልፍ ድካም አይደለም። ጠዋት ገላዬን ከታጠብኩ ቀኑ አለቀ ማለት ነበር። ሸሚዝ መልበስ ድሮ ሳላስበው የማደርገው ነገር ነው፣ አሁን እያንዳንዱን ቁልፍ ማሰብ አለብኝ። ያ ሐሳብ ነው የሚያደክመው። እኛ ቤት በመጨረሻ የገላ ቀንና የፊዚዮቴራፒ ቀን ተለያዩ። ጠያቂም ከሰዓት በኋላ እንዳይመጣ ባለቤቴ በዘዴ ነገረች። ሰው ሊጠይቅ ይመጣል፣ ቡና ይፈላል፣ ሁሉም ያወራል፣ እኔ እየሳቅኩ ውስጤ ይዝላል።

ሁለተኛው ጉርሻ ነው። አትሳቁ። ቤተሰቡ፣ ጎረቤቱ፣ ዕድሩ ሁሉ ሊያጎርሰኝ ይፈልጋል። ፍቅር ነው፣ አውቃለሁ። ግን በቀን ሦስት ጊዜ የምበላበትን እድል ወሰዱብኝ። ቀኝ እጄ እንቢ ሲል ደግሞ በግራ መብላት አለ። ሰው ፊት በግራ እጅ እንጀራ መቁረስ እንዴት እንደሚያሳፍር ያልደረሰበት አያውቀውም። ለብቻዬ ጓዳ ገብቼ እበላ ነበር። ነፍስ አባቴ ናቸው አንድ ቀን መጥተው ከኔ ጋር ትሪ ቀርበው "ብላ፣ ይኼም የሰጠህ እጅ ነው" ያሉኝ። ከዚያ ወዲህ ግድ የለኝም። ባለቤቴ እንጀራውን ቆርጣ ትጠቀልልልኛለች። ሳህኑ እንዳይንሸራተት እርጥብ ፎጣ ከሥሩ ታነጥፋለች። የቀረውን ለኔ ትተዋለች።

የልደታ

እግዚአብሔር ይማራቸው። ፀበል ውሰዷቸው ነው የምለው። አጎቴ በወንበር ሄዶ በእግሩ ተመልሷል። መድኃኒቱንም እዚያው ጥሎት ነው የመጣው።

የውስጥ ደዌ

ሐኪም ነኝ። ፀበል ይሂዱ፣ ማንም አይከለክልም፤ መድኃኒታቸው ግን አብሯቸው ይሂድ። የደም ግፊት መድኃኒት ያቆመ ሰው ሁለተኛ ስትሮክ በሩ ላይ ቆሞለታል። ከስትሮክ በኋላ ግፊታቸው ከ130/80 በታች እንዲሆን ነው ለአብዛኛው ታካሚ የሚመከረው። በወራት ልፋት ያመጡትን ሁለተኛው ስትሮክ በአንድ ሌሊት ይወስደዋል።

ሁለት ነገር ደግሞ ስለ ፀበሉ። ድንጋዩ እርጥብ ነው፣ ግራቸውን ይዘነጋሉ፣ ስለዚህ በግራቸው የሚቆም ሰው ይኑር። ሁለተኛ፣ ውሃ ሲጠጡ ያስላቸዋል ወይ? ከጠጡ በኋላ ድምፃቸው እርጥብ እርጥብ ይላል ወይ? እንደዚያ ከሆነ መዋጥ ላይ ችግር አለ። ቀጭን ፈሳሽ ከወፍራም ይልቅ ወደ ሳንባ መግባት ይቀናዋል። ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው፣ በትንሽ በትንሹ ይጠጡ፤ ምርመራም ያስፈልጋል። የሳንባ ምች ይዞት አልጋ ላይ የከረመ ሰው እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው።

አሁን ወደ ከሰዓቱ እንቅልፍ። ጋሼ ስለ ድካም ያሉት ትክክል ነው፣ ግን ብቸኛው ምክንያት አይደለም። ከስትሮክ ተጠቂዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ ድባቴ ውስጥ ይገባሉ። የኛ ሰው ደግሞ "ከፍቶኛል" አይልም። ወይ ይቆጣል፣ ወይ ይተኛል፣ ወይ "ተዉኝ" ይላል። ድባቴ ያለበት ሰው ልምምዱን አይሠራም፣ ስላልሠራ አይሻለውም፣ ስላልተሻለው ይብስበታል። በጣም የሚያንኮራፉ ከሆነም ይነገረን፤ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሽ መቆራረጥ ከስትሮክ በኋላ ብዙ ነው። የሚወስዱትን መድኃኒት ዝርዝርም ያሳዩ። ለጡንቻ መገተር የሚሰጥ ባክሎፌን፣ ለነርቭ ሕመም የሚሰጥ አሚትሪፕቲሊን፣ ሁለቱም ያስተኛሉ።

አራት ኪሎ

ዶክተር፣ ለድባቴም ለእንቅስቃሴም ፍሉኦክሰቲን የሚባል መድኃኒት ይጠቅማል ሲባል ሰምቻለሁ። ሌላ ደግሞ ዩቲዩብ ላይ ደህናውን እጅ አስሮ የታመመውን ማሠራት አየሁ። ለምን እሱን አይሞክሩም?

የውስጥ ደዌ

ፍሉኦክሰቲን ተስፋ ተጥሎበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 እንግሊዝ ውስጥ ከ3,000 በላይ ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ውጤቱ ወጣ። ለ6 ወር የወሰዱት ሰዎች በዕለት ኑሯቸው ካልወሰዱት አልተሻሉም። ድባቴ ቀንሷል፣ የአጥንት ስብራት ግን ጨምሯል። ስለዚህ ድባቴ ላለበት ሰው ሐኪም አይቶ ሊያዝለት ይችላል፤ "እጅ እንዲሠራ" ተብሎ ከፋርማሲ አይገዛም።

ፊዚዮ ከጎንደር

የማሰሩን ጉዳይ ለኔ ተዉት። ዘዴው እውነት ነው፣ ይሠራል፣ ግን ለተመረጠ ሰው ነው። የተመታውን እጅ አንጓና ጣት በራሱ ትንሽ መክፈት የሚችል መሆን አለበት። ጭራሽ የማይከፈት እጅ ከሆነ ደህናውን ማሰር ሰውየውን ማሰር ነው። የኚህ አባት ቀኝ እጅ ደግሞ ሚዛናቸው ነው። ከወደቁ የሚይዙበት እሱ ነው። አይታሰር።

ነርስ ሜሪላንድ

እዚህ አሜሪካ የማገገሚያ ሆስፒታል የገባ ሰው በቀን 3 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን ሕክምና እንዲወስድ ነው የሚጠበቀው። ሦስቱ ሰዓት ግን ሁሉም መራመድ አይደለም። ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የሚባል ባለሙያ አለ፤ ሥራው ሙሉ በሙሉ መልበስ፣ መታጠብ፣ ምግብ መሥራት ነው። የንግግርና የመዋጥ ባለሙያም አለ። አባትሽ የጎደላቸው ይኼ ይመስለኛል። ኢትዮጵያ ውስጥ ይህን ባለሙያ ማግኘት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ስለዚህ ሥራው በናንተ ላይ ወድቋል።

እህትሽ ብሩን የፊዚዮቴራፒ ቀን ለመጨመር ከምትልክ ለሽንት ቤት እጀታ፣ ለገላ መታጠቢያ ወንበርና ለማታ ሽንት መቀበያ ትላከው። እኛ ዲያስፖራዎች የምናውቀው ትልቅ ነገር መላክ ነው። በኤሌክትሪክ የሚነዝር ማሽን ገዝቶ ልኮ ቤት ውስጥ አቧራ የጠጣበትን ሰው አውቃለሁ።

እዚህም ቢሆን ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም። አክስቴን ስትሮክ ሲመታት አእምሮዋን የፈተኗት በእንግሊዝኛ ነው፣ አስተርጓሚው በስልክ። ወርና ቀን ሲጠይቋት በኛ አቆጣጠር መለሰች። "ግራ መጋባት አለባት" ተብሎ ፋይሏ ላይ ሰፈረ። ግራ የተጋባው ማን እንደሆነ እናንተ ፍረዱ። ያ ጽሑፍ ስንት ነገር እንዳስቀረባት ብነግራችሁ! ልጇ ሰነድ ይዛ ተከራክራ ነው ድጋሚ የተፈተነችው።

የሰሚት ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለእማዬ አነበብኩላት፣ ዝም ብላ ሰማች፣ "ታዲያ ለምን ማንም አልነገረን?" አለች።

ለጥያቄዎቹ፦ ውሃ ሲጠጣ አንዳንዴ ያስለዋል፣ አዎ። ለመዋጡ ምርመራ ቀጠሮ እናስይዛለን። ማታ ሽንት ያመልጠዋል። በዚህ ምክንያት ከሰዓት በኋላ ውሃ አልጠጣም ብሏል። ቤታችን ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ለፊዚዮቴራፒ የሰፈር ልጆች በወንበር ተሸክመው ያወርዱታል። አንዱ ደግሞ ሲያነሳው ግራ እጁን ይዞ ነው የሚጎትተው፣ ትከሻዬን አመመኝ ይላል። በሌላ ቀን ከቤት አይወጣም።

ፊዚዮ ከጎንደር

መጀመሪያ ትከሻው። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ያንን እጅ አይጎትት! ደካማ ትከሻ የሚይዘው ጡንቻ ስለላላ መገጣጠሚያው ከቦታው ዝቅ ይላል። በብብት ሥር ገብቶ ማንሳትም አይሆንም። ወገባቸውን በሰፊ ቀበቶ እሰሩና ቀበቶውን ያዙ። ሲቀመጡም እጃቸው ትራስ ላይ ይረፍ፣ ተንጠልጥሎ አይዋል። ትከሻው ማታ ማታ የሚያም ሰው አይተኛም፣ ጠዋትም ልምምድ አይሠራም።

ደረጃው። ብረት ይዘው ከዳር እስከ ዳር የሚሄዱ ከሆነ ደረጃ መለማመድ የሚጀምሩ ይመስለኛል፤ ባለሙያችሁ አይቶ ይፍቀድ። ሲወጡ ደህናው እግር ይቀድማል። ሲወርዱ የተመታው ይቀድማል። በቀኝ እጃቸው የደረጃውን ብረት ይይዛሉ። ብረቱ በአንድ በኩል ብቻ ከሆነ ሲወርዱ በግራቸው ይሆንባቸዋል፤ ያኔ ፊታቸውን ወደ ላይ አዙረው፣ በቀኝ ይዘው፣ ወደ ኋላ ይወርዳሉ። አስቂኝ ይመስላል፣ ግን ይሠራል። የሚረዳቸው ሰው ምንጊዜም ከታች ይቁም። ፎቁን ሁሉ በአንዴ አይደለም። ዛሬ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ፣ እዚያ ወንበር አስቀምጡ። የሰፈሩ ልጆች ከመሸከም ወንበር ይዘው ይከተሉ።

ሽንቱ። ውሃ መቀነስ አይረዳም፣ ሽንቱ ይወፍራል፣ ያቃጥላል፣ ድርቀትም ያመጣል። ቀን ቀን በየ2 ሰዓቱ ቢመጣም ባይመጣም ይውሰዷቸው። ከመተኛታቸው በፊት ያለውን አንድ ሁለት ሰዓት ብቻ ፈሳሹ ይቀንስ። በቁልፍና በቀበቶ የሚታሰር ሱሪ ይቅር፣ ላስቲክ ያለው ይሁን። ስንቱ ሰው ሽንት ቤት ደርሶ ቀበቶ ሲፈታ ነው የሚያመልጠው! ጋቢ ደርበው ማታ አይሂዱ፣ እግራቸው ይጠላለፋል። መብራት ይኑር። ሽንት የማቃጠል ስሜት ካለ ምርመራ፤ ኢንፌክሽን ራሱ ሰውን ያፈዛል።

ኡሚዬ

አላህ ያሽራቸው። እኛ ደሴ ነን። እናቴን የቀሰቀሳት ሶላት ነው። ልምምድ አድርጊ ስንላት እንቢ ትል ነበር። "ውዱእ ራሴ አደርጋለሁ" ብላ ግን በደህናው እጇ ማንቆርቆሪያውን ይዛ መታገል ጀመረች። ሲበዛባት ትንሽ ማንቆርቆሪያ ገዛንላት። ሱጁድ ስላቃታት ወንበር ላይ ሆና በማጎንበስ ትሰግዳለች። በቀን አምስት ጊዜ መነሳት፣ መታጠብ፣ መቀመጥ፣ ማጎንበስ። አባትሽ ምን ይወዱ ነበር? ከዚያ ጀምሩ።

ኔታንያ

ሻሎም። እኛ እስራኤል ነው ያለነው። እናቴ የማገገሚያ ሆስፒታል ጥሩ ነበረች። ቤት ስትመጣ ከቢቱዋህ ሌኡሚ፣ ከመንግሥቱ የማኅበራዊ ዋስትና ማለት ነው፣ የተንከባካቢ ሰዓት አገኘን። ተንከባካቢዋ ቸር ሰው ነች፣ ሁሉንም ትሠራላታለች። ታለብሳታለች፣ ታጥባታለች፣ ታበላታለች። እናቴ ሆስፒታል ራሷ የምትለብሰውን አሁን እጇን ዘርግታ ትጠብቃለች። ወንድሜ ደግሞ "ራሷ ለበሰች ከተባለ ሰዓቱን ይቀንሱብናል" ብሎ ይፈራል። እና ቤቱ ሙሉ እርዳታ እያለ ወደ ኋላ ሄድን። እንግዲህ ምን ይባላል።

የውስጥ ደዌ

ከላይ ያሉትን ምክሮች እደግፋለሁ፣ ግን ቤተሰብ ባለሙያን ይተካል ወደሚል እንዳንሄድ። ሕንድ ውስጥ በ14 ሆስፒታሎች 1,250 ታካሚዎች ላይ ተሞክሯል፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ቤተሰቡን አሠልጥነው ቤት እንዲያሠራ አደረጉ። ከ6 ወር በኋላ ቤተሰባቸው ካልሠለጠነላቸው ሌሎች ታካሚዎች ልዩነት አልታየም።

ፊዚዮ ከጎንደር

ዶክተር፣ ጥናቱን አውቀዋለሁ፣ እዚህ ላይ ግን አልስማማም። እዚያ ጥናት ላይ ሌሎቹም የተለመደውን ሕክምናቸውን ያገኙ ነበር። የኛ ታካሚ ከገጠር መጥቶ፣ ሆስፒታል ሰንብቶ፣ "ልምምድ ሥራ" ተብሎ ይሸኛል። ሁለተኛ የማይመለስ ስንቱ ነው። ለእሱ ያለው አማራጭ ቤተሰብ ወይም ምንም ነው። ደግሞ እኔ የምለው ቤተሰቡ ቴራፒስት ይሁን አይደለም። እጅ አይጎትት፣ በግራ ይቀመጥ፣ ጉርሻ ይቀንስ፣ ወንበሩን ከፍ ያድርግ ነው።

የውስጥ ደዌ

በዚህ ከሆነ አንጣላም። ብቻ "ቤት እንሠራዋለን" ብለው ቀጠሮ እንዳይቀሩ ነው ፍርሃቴ።

የሰሚት ልጅ

አባዬ ጡረታ የወጣ መምህር ነው። ጠዋት ጋዜጣ ይዞ ታች ካፌ መቀመጥ ነበር የሚወደው። አሁን ጋዜጣ ሲሰጠው ከመሐል ጀምሮ ያነባል፣ "ጽሑፉ ትርጉም የለውም" ብሎ ይጥለዋል። ለካ የግራውን ግማሽ እያነበበው አይደለም። በግራ ጠርዝ ቀይ መስመር አሠምርለታለሁ።

ዎከር አልይዝም ብሏል፣ "ሽማግሌ አታድርጉኝ" ይላል። ከዘራ ቢሆንስ? አንድ ጥያቄ ደግሞ፦ ሰው ሁሉ "ከሦስት ወር በኋላ የተሻለው ተሻለው ነው" ይለናል። እውነት ነው?

የውስጥ ደዌ

ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ነው። በ6 ወር ይዘገያል። አይቆምም ግን። በተለይ ዕለታዊ ኑሮ ጡንቻው ባይቀየርም በዘዴ ይሻሻላል።

ፊዚዮ ከጎንደር

ከዘራ ይሞከር፣ በቀኝ እጃቸው፣ በደህናው በኩል። ቁመቱ ቀጥ ብለው ቆመው የእጅ አንጓቸው ጋ ይድረስ። የአያት ከዘራ አብዛኛው ይረዝማል፣ ይቆረጥ። ጫፉ ላይ ላስቲክ ይግባ። ሚዛናቸው ካልበቃ አራት እግር ያለው አለ።

ቀኜ ተመትቶ

የመምህሩ ነገር ደስ አለኝ። ካፌ ሲወርዱ ብቻቸውን የመጀመሪያ ማኪያቶ እስኪጠጡ ሰው አይቻኮል። እኔ ስኳር ማሸጊያ በአንድ እጅ መቅደድ አቅቶኝ ስንት ጊዜ ያለ ስኳር ጠጥቻለሁ መሰላችሁ። አሁን በጥርሴ ነው።

አዲስ ገቢ

ይቅርታ ክሩን ዘግይቼ ነው ያየሁት። የማታ ሽንት መቀበያ ወንበር የሕክምና ዕቃ ቤት ጠየቅኩ፣ ዋጋው ለኛ አይቻልም። ሌላ መላ አለ?

ቀኜ ተመትቶ

ብረታ ብረት ቤት አሠራ። ጠንካራ ወንበር ክንድ ማስደገፊያ ያለው፣ መቀመጫው ተቀዶ ባልዲ የሚገባበት። ቁመቱ በሽተኛው ሲቀመጥ እግሩ መሬት ሙሉ የሚያርፍበት ይሁን፣ ከዚያ ካነሰ መነሳት ያቅተዋል። ማስደገፊያዎቹ ጠንካራ ይሁኑ፣ በደህናው እጁ ተጭኖ የሚነሳው በዚያ ነው። እግሮቹ ላይ ላስቲክ አስገጥም። የሚሽከረከር ጎማ ግን አታስገጥምበት፣ ሊቀመጥ ሲል ይሸሸዋል።